ማንጎው ሥር ያነገሡት ዱዎፕ

ጉረኛ አይቻለሁ የሚል ሰው ዱዎፕን ካላየ ገና ምኑንም አላየም። ዱዎፕ መሀል ጋምቤላ፣ ገበያው አጠገብ፣ የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል። ፍሬን ሸራ ሊገዛ የገባ ሾፌር ስለ ቼዝ ሳይሰማ አይወጣም። «ይሄን የሚሸጥልህ ሰው ማን መሰለህ?» ይለዋል። ሾፌሩ ምን ይበል? ፍሬን እምቢ ያለው ሰው የሻጩ ማንነት መች ያስጨንቀዋል!

ሙቀቱ ጋብ ሲል ሱቁን ዘግቶ ወደ ባሮ ይወርዳል። ከወንዙ ዳር፣ ድሮ መርከብ ይቆምበት ከነበረው ቦታ ፈንጠር ብሎ፣ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። ዛፉ ሥር የሚዘረጋው የቼዝ ሰሌዳ የበሪሁን ነው። በሪሁን ከጎጃም መጥቶ እዚሁ ፀጉሩ የሸበተ ነርስ ነው፤ ሰው ግን ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል። ሰሌዳው የእሱ ይሁን እንጂ ወንበሩ የዱዎፕ ነበር። የማንጎው ሥር ደንብ የተሸነፈ ይነሣል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል የሚል ነው፤ ዱዎፕ ደግሞ አንዴ ከተቀመጠ የሚያስነሣው አልተገኘም።

ሌላም ደንብ አለ። እዚያ ቆሞ ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው፤ ሰላም ሳይሉ እንደ ማለፍ ይቆጠራል። ስለዚህ መረቡን ትከሻው ላይ የጣለው ዓሣ አጥማጅም፣ ልብስ ሊያጥብ የወረደውም፣ ከቢሮ የወጣውም ሁሉ አስተያየት አለው። አንዱ በኑዌርኛ ይጮኻል፣ አንዱ በአኙዋክኛ ያጉተመትማል፣ አንዱ በአማርኛ «ኧረ በእናትህ!» እያለ ይለምናል።

በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሀል ዱዎፕ እጁን ሰሌዳው ላይ ያንዣብባል። እጁ ከግንቡ ወደ ፈረሱ፣ ከፈረሱ ወደ ንግሥቲቱ ትዞራለች። መጥፎ ጠጠር ላይ ስትደርስ ሰዉ «ኧረ! ኧረ!» ይላል፤ እጁም ትሸሻለች። ጥሩው ጠጠር ላይ ስትደርስ ሁሉም ጸጥ ይላል፤ ያኔ ዱዎፕ ጠጠሩን አንሥቶ ቷ! ያደርገዋል። ሰዎቹ ሆነ ብለው ነው። እሱ ግን እግዜር ያሳያችሁ፣ አንድም ቀን ልብ ብሎት አያውቅም። «እንዴት አወቅከው?» ሲሉት ደረቱን መታ መታ እያደረገ፣ «ልቤ ይነግረኛል» ይላል። ያ ልብ የሚሉት ነገር ዓሣ አጥማጁ ኮትና ጓደኞቹ መሆናቸውን የነገረው ሰው አልነበረም።

ለምን ይረዱታል? ለፍቅሩ እንዳይመስላችሁ። ስድቡ ስለሚጥማቸው ነው። ዱዎፕ ሲያሸንፍ አፉ አያርፍም። «ንግሥትህን እንዲህ ከሆነ የምትጠብቃት፣ ሚስትህን ማን ይጠብቅልሃል?» ይላል። «ፈረስህ ከቆመ ቆየ፤ ሣር ስጠው እንጂ!» ይላል። ሰዉ በሳቅ ይንፈራፈራል። ከወንበሩ ቢነሣ ደግሞ በቦታው የሚቀመጠው በሪሁን ነው፤ በሪሁን ሲያሸንፍ ደግሞ «አመሰግናለሁ» ብሎ መነጽሩን ይወለውላል። ይሄን ሊያይ ማን ባሮ ድረስ ይወርዳል?

በሪሁን ለዱዎፕ አዝኖ ብዙ ለፍቷል። ስልኩ ላይ የድሮ ታላላቅ ተጫዋቾች የተጫወቱትን ይዟል። አንዱን ጨዋታ ይከፍትና ከመጀመሪያው ጀምሮ ጠጠር በጠጠር እየደገመ፣ መሀል ላይ ቆም ብሎ ራሱን ይጠይቃል፦ እዚህ ላይ እኔ ብሆን ምን እጫወት ነበር? መልሱን ለራሱ ከሰጠ በኋላ ነው ቀጣዩን የሚያየው። የተሸነፈበትን ጨዋታማ ከሁሉ በላይ ደጋግሞ ያየዋል።

«ና እስቲ አንዱን አብረን እንየው» አለው አንድ ቀን። «ከዚያ ደግሞ ይሄ ሰዉ ባይኖር...»

ዱዎፕ አላስጨረሰውም። «ዶክተር፣ አንተ ሬሳ መገነዝ ለምደህ ነው የሞተ ሰው ጨዋታ የምታየው። እኔ በሕይወት ነው የምጫወተው!»

ሰዉ ሳቀ። በሪሁንም መነጽሩን ወለወለ። ዱዎፕ የሚያጠናው ነገር ቢኖር ስልኩ ላይ የሚያያቸውን አጫጭር ቪዲዮዎች ነው፤ ንጉሡን መውጫ አሳጥቶ በአራት እርምጃ ማት፣ በሰባት እርምጃ ማት። ሌላውን ልቡ ይነግረዋል።

እንዲህ ሲሆን ከርሞ ወሬ መጣ። ክልሎች ሁሉ ለሚገናኙበት የቼዝ ውድድር የጋምቤላ ቡድን ሊሄድ ነው፤ የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ለእሱም ማጣሪያ አለ። ዱዎፕ እንቅልፍ አጣ። ጉራውን ተዉትና፣ ይሄን ነገር ከልቡ ነበር የፈለገው። ጋምቤላ ተወልዶ ጋምቤላ ያደገ ሰው፣ በማያውቁት ሰዎች ፊት በድምፅ ማጉያ «ከጋምቤላ ክልል፣ ዱዎፕ» ሲባል አንዴ መስማት አማረው። ይሄን መመኘት ነውር የለውም። ነውሩ ቀጥሎ ያደረገው ነው።

ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ማጣሪያው ሳይደርስ፣ እሑድ ቸርች ገብቶ ምስክርነት አለኝ ብሎ ተነሣና፣ «ወገኖቼ፣ ክልላችንን ወክዬ ልሄድ ነው፤ በጸሎት ሸኙኝ» አለ። ወይ ድፍረት! ላም አለኝ በሰማይ አሉ። ምእመኑ ምን ያውቃል፣ ቆሞ እጁን ዘረጋለት። መዘምራኑ የመሸኛ መዝሙር ዘመሩለት። ባለቤቱ ኛዋል ብቻ ከጸሎቱ በኋላ ጠጋ ብላ፣ «ማጣሪያው አለፈ እንዴ?» አለችው። «ያው እንዳለፈ ቁጠሪው» አላት።

የማጣሪያው ቀን አዳራሹ ገቡ። ስልክ ተሰበሰበ፣ በር ተዘጋ፤ ዳኛው ድምፅ ያሰማ ተመልካች ይወጣል አለ። ለዱዎፕ የደረሰችው ኛጃል የምትባል የፑኝዶ መምህርት ናት። እሱ ከመቀመጡ አፉን ከፈተ።

«እህቴ፣ ከፑኝዶ ድረስ ለመሸነፍ መጣሽ? ድካምሽ አያሳዝንም?»

«እንጫወት፣ ወንድሜ» አለች።

ዱዎፕ ያቺን የአራት እርምጃ ወጥመዱን ዘረጋ። ኛጃል ትንሽ አየቻትና አንዲት ወታደር ገፋ አድርጋ ዘጋችበት። ይሁን፣ አለ በሆዱ፤ ልቤ አለ። እጁን እንደ ልማዱ አንዣበበ። ግንቡ ላይ ደረሰች፤ ጸጥታ። ታዲያ ትክክል ነው! ቷ። ቀጥሎ ፈረሱ ላይ ደረሰች፤ ጸጥታ። ቷ። ወታደሩ ላይ፤ ጸጥታ። ቷ። ዱዎፕ ደስታው ወሰን አጣ። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን በሁሉም ነገር ትክክል ሆኖ አያውቅም። ማንጎው ሥር አንዲት ጠጠር ለማግኘት ስንቴ ይዞር የነበረ ሰው፣ አሁን እጁ የነካችው ሁሉ የተባረከ ሆነ። እያፏጨ መጫወት ብቻ ቀረው።

ኛጃል ግን ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት አገጯን ይዛ ትቆያለች። ከዚያ አንዲት ወታደር ያለ ጠባቂ ተወችለት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው። ኮት ቢኖር ኖሮ ጩኸቱ ባሮን ተሻግሮ ይሰማ ነበር። ዱዎፕ እጁን ንግሥቲቱ ላይ አንዣበበ። አዳራሹ ጸጥ። ንግሥቲቱን አንሥቶ ወታደሯን በላ፤ ኛጃልን አይቶም ፈገግ አለ።

እሷ ፈረሷን አንሥታ መሀል አስቀመጠችው። ፈረሱ ባንድ ዝላይ ንጉሡንም ንግሥቲቱንም ያዘ። «ቼክ» አለች ቀስ ብላ። ንጉሡ ሲሸሽ ንግሥቲቱ ተበላች። ከዚያ በኋላ የነበረው ጨዋታ አይባልም።

ጨዋታው ሲያበቃ ኛጃል ጠጠሮቹን መልሳ ደረደረች። «ወንድሜ፣ ከመጀመሪያው አብረን እንየው? እኔም የተሳሳትኩበት ቦታ አለ» አለችው።

«ምኑ ይታያል? ዕድል ነው!» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ካፈርኩ አይመልሰኝ!

ከዚያ ወዲያ ከተማው ጠበበው። ባጃጅ ውስጥ «መቼ ነው ጉዞው?» ይሉታል። ገበያ ላይ አንዲት የቸርች እናት እጁን ይዘው፣ «ልጄ፣ ዛሬም ጸልየንልሃል» አሉት። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እሑድ አሞኛል ብሎ ተኛ፤ ባለቤቱ ኛዋልም አላስገደደችው።

በመጨረሻ ሲጨንቀው ወደ ማንጎው ወረደ። ሰዉ ሽንፈቱን ሰምቷል፤ ግን አንድም አላሾፈበትም። «ና አንበሳው! ያለ አንተ ደርቀን ነበር!» ብለው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ኮት ራሱ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ዱዎፕም ልቡ ሞቅ አለውና መጫወት ጀመረ። መሀል ላይ እጁን ንግሥቲቱ ላይ አንዣበበ።

«ኧረ! ኧረ!» አለ ሰዉ።

እጁ ልትሸሽ ስትል በአየር ላይ ቆመች። ዱዎፕ የአዳራሹ ጸጥታ ትዝ አለው። እጁን ወደ ፈረሱ ወሰደ፤ ጸጥታ። ወደ ንግሥቲቱ መለሳት፤ «ኧረ!» አሉ። እንደገና ፈረሱ ላይ፤ ጸጥታ። አንገቱን ቀና አድርጎ አንድ በአንድ አያቸው። ኮት እንኳ፣ ተጋጣሚው ሆኖ፣ አብሮ ሲጮኽ ነበር። ዱዎፕ ያቺን እጁን ሰብስቦ ጉልበቱ ላይ አስቀመጣት።

«ሂድ፣ ተነሥ» አለው ኮትን። ሰዉ የሚቀጥለውን ስድብ ጠበቀ። ስድብ አልመጣም። ትንሽ ቆሙ፣ ተያዩ፤ ከዚያ አንዱ ወደ መረቡ፣ ሌላው ወደ ጉዳዩ እያለ ተበተነ። ስድብ የሌለበት ቼዝ ምን ያደርግላቸዋል?

በሪሁን ብቻ ቀረ።

«ዶክተር፣ አንተም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርህ ጀምሬ ነበር» አለ በሪሁን። «ሰደብከኝ።»

ዱዎፕ፣ «ከዚያች መምህርት ጋር የተጫወትኩትን አስታውሰዋለሁ» ብሎ ጠጠሮቹን መደርደር ጀመረ። እጁ አሁንም እያንዣበበች ስታስቸግረው በሪሁን «ተቀመጥባት» አለው፤ የማንጎው ንጉሥም እጆቹን ከጭኑ ሥር ከቶ ተቀመጠ። በሪሁን፣ ዱዎፕ እየነገረው፣ ጠጠሮቹን አንቀሳቀሰና ያቺ ወታደር ብቻዋን የቆመችበት ቦታ ላይ ሲደርስ አቆመ።

«እዚህ ላይ ምን ትጫወታለህ?»

ዱዎፕ እንደ ልማዱ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። ማንም የለም።

«አላውቅም» አለ።