ያልታጠበው ግብጦ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሜሮን አንድ ቆርቆሮ ዱቄት ይዛ መጣች። ሠላሳ ሊሞላት ነው፤ ከእናቷ የወረሰችው አስም ግን እስካሁን አልለቀቃትም። "አባዬ፣ ይሄ አንጀታችን ውስጥ ያሉት ደጋግ ባክቴሪያዎች የሚመገቡት ነው። እነሱ ሲጠግቡ አስምም ሊቀል ይችላል ብለው ተመራማሪዎች እያጠኑ ነው" አለችኝ። ቀጥላም "እኔማ እጥፉን ልወስደው ነው፤ ምን ይጎዳኛል?" ስትል ክው አልኩ። እኔም በሃያ አራት ዓመቴ እንዲሁ ብዬ ሰው ልገድል ነበራ!

መንግሥት በተለወጠ በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ዓመት፣ ከደሴ ተነሥቼ ከቡሬ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ የገጠር ትምህርት ቤት ሳይንስ እንዳስተምር ተመደብኩ። አብሮኝ የመጣው የሒሳብ መምህር ይርጋ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። ሁለታችንም እማማ የኔነሽ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየን። እሳቸው ባላቸው የሞተባቸው፣ ግብጦ እያዘጋጁ ገበያ የሚሸጡ ሴት ነበሩ።

ይርጋ አስም ነበረበት። ጥር ሲገባ፣ በየአውድማው ጤፍ ሲወቃ፣ እብቁ በነፋስ ግቢያችን ድረስ ይመጣና ደረቱ እንደ ወናፍ ሲጮህ ይውላል። ቀልዱን ግን አይተውም። አሥር እርምጃ ሄዶ ይቆምና "ቆይ፣ ሳንባዬ ኋላ ቀርታለች" ይለኝ ነበር።

እማማ የኔነሽ አዘኑለትና በየቀኑ አንድ ጭብጥ ግብጦ ይሰጡት ጀመር። ግብጦን ለማያውቅ ሰው፣ ነጭ ጠፍጣፋ ፍሬ ነው፤ ከማሳ ሲመጣ ምርር ያለ። ይቆላል፤ ከዚያ በጆንያ ታስሮ የሚፈስ ወንዝ ውስጥ አምስት ቀን ይከርማል። ምሬቱ ሲለቅ ልጣጩን እየፈለቀቁ በጨው ቢበሉት አይጠገብም። ሁለት ሳምንት እንደበላ፣ ይርጋን ያስቸግረው የነበረው የሆድ ድርቀት ጠፋ፤ ሳሉም ቀነሰ። ግብጦው ይሁን ነፋሱ ጋብ ብሎ፣ እግዜር ይወቅ። እኔ ግን ሳይንስ አስተማሪ ነኝ ባይ፣ ምክንያቱን አገኘሁት አልኩ።

"ስማ ይርጋ፣ መድኃኒት ሁሉ መራራ ነው። ኮሶ መራራ፣ ክኒን መራራ። እኚህ ሴትዮ ምሬቱን ለወንዝ ሲሰጡት መድኃኒቱን እየደፉብህ ነው!"

"አንተ ካልክ" አለኝ የዋሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እማማ የኔነሽ ቡሬ ገበያ ሄዱ። እኔ ወንዝ ወርጄ፣ ገና ትናንት ከገባው ጆንያ ሁለት ጭብጥ ዘግኜ መጣሁ። ይርጋ ፊቱን እያጨማደደ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ በላው። ያኔ የተሰማኝን ኩራት አትጠይቁኝ።

ሰዓት እንኳ አልሞላም። "አፌ ደረቀ" አለ። ውሃ ጠጣ፤ ምንም ለውጥ የለም። ቀጥሎ "ፊትህ አይታየኝም" ሲለኝ የቀለደ መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ባየው ብሌኑ ሰፍቶ ዓይኑ ጥቁር ብቻ ሆኗል። ልቡ ሸሚዙን እያነሣች ትዘላለች። ሊነሣ ሲል ራሱን ስቶ ተዘረረ። "የሰው ያለህ!" ብዬ ጮህኩ።

አውድማ ላይ የነበሩ ገበሬዎች መንሻቸውን ጥለው መጡ፤ በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ቡሬ ሮጥን። መንገድ ላይ ከገበያ የሚመለሱትን እማማ የኔነሽን አገኘናቸው። "ወይኔ ልጀን!" ብለው ነጠላቸውን አደግድገው ተከተሉን።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ይርጋን ያውቀዋል፤ ለአስሙ ሁለት ጊዜ መርፌ ወግቶታል። "ተነሣበት አይደል?" አለና መርፌውን መቅዳት ጀመረ። "የተለየ ነገር በልቷል?"

"ኧረ ምን ይበላል? የኔኑ ግብጦ ነው፤ እሱንም በደንብ የታጠበ" አሉ እማማ የኔነሽ።

እኔ ዝም አልኩ። አዎ፣ ዝም! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባልኩ ያደግኩ ሰው፣ ጓደኛዬ እየሞተ አፌን ዘጋሁ። እነዚያ ገበሬዎች ፊት፣ እኚያ ሴት ፊት መዋረዱ አስፈራኝ። ድሬሰሩ አየሩን ከመርፌው አስወጣ። የይርጋን ክንድ በጥጥ ጠረገ። መርፌው ቆዳውን ሊነካ ሲል ነው "አልታጠበም! እኔ ነኝ ያበላሁት!" ብዬ የጮህኩት።

ድሬሰሩ እጁን መለሰ። የይርጋን ዓይን በባትሪ አየ፤ የልቡን ምት ሰማ። "ይሄማ አስም አይደለም! ይህ መርፌ ልብ ያስሮጣል፤ የሱ ልብ ደግሞ ከዚህ በላይ መሮጫ የለውም" አለ።

እማማ የኔነሽ ወደ እኔ ዞሩ። "ምነው ልጀ? ምነው ሳትጠይቀኝ?" አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሆዱ ታጠበ፤ ግሉኮስ ተሰካለት። በማግስቱ ዓይኑ ማየት ሲጀምር አልጋው ሥር ተንበርክኬ ለዚህ ያበቃው ያበላሁት ያልታጠበ ግብጦ መሆኑን ነግሬ ይቅርታ ለመንኩት። "በል ተነሣ፣ አንተ ደግሞ!" ብሎ ሳቀብኝ።

ሜሮን ይህን ሰምታ እንዳበቃች፣ ሐኪሟን ሳታማክር ዱቄቱን እንዳትነካ፣ ኢንሄለሯንም እንዳትተው ለመንኳት። እሺ አለችኝ። ከዚያ "ጋሽ ይርጋ ግን ከልቡ ይቅር አለህ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ይርጋ አግብቶ ወልዶ ፍኖተ ሰላም ይኖራል። ስለ ግብጦው ያኔውኑ ይቅር ብሎኛል። መርፌው ሲቀዳ አጠገቡ ቆሜ ዝም ማለቴን ግን አያውቅም፤ ራሱን ስቶ ነበር። ኋላ ሰዎች የነገሩት መጮኼን ብቻ ነው። ይኸው ሠላሳ ዓመት አለፈው፣ በየበዓሉ እየደወለ "ጮኸህ አዳንከኝ" ይለኛል። እኔም "ምን አደረግኩ ብለህ ነው" እያልኩ ምስጋናውን እቀበላለሁ።