የደረቁ ቦኖዎች

ልጄ ከቤት ከወጣች ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። በሕይወት መኖሯን ያወቅኩት ከሰው ሰምቼ አይደለም። ስለ ድሮ ቦኖዎች ከሚጽፍ አንድ ብሎግ ነው።

ነገሩ የመጣው በሥራዬ በኩል ነው። ለንደን፣ ስትሪትሃም ሠፈር ውስጥ አንድ ሽማግሌ እንከባከባለሁ። እንግሊዛዊ ናቸው፤ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። በሥራ ዘመናቸው ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት እሄዳለሁ። ሰውነታቸውን አጥባለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መዋጣቸውን ቼክ አደርጋለሁ። ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ አንድ ሥራ ተጨመረብኝ፤ ታብሌታቸውን ከፍቼ ጮክ ብዬ ማንበብ።

ጋዜጣ የሚያስነብቡኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው የሚፈልጉት ሌላ ነው። አንድ ሰው በየጣሪያው ጫፍ ላይ የቆሙ የነፋስ አቅጣጫ ጠቋሚዎችን ብቻ እየዞረ ፎቶ ያነሳል። አንዲት ሴትዮ የድሮ የልብስ ቁልፍ ትሰበስባለች፤ ስለ አንድ የካፖርት ቁልፍ ጽፋ ጽፋ አልጨረሰችም። ሌላው ዌምብሊ አካባቢ ያሉ አሮጌ የጡብ አጥሮችን እየለየ፣ ጡቡ ከየት እንደመጣ ይመራመራል። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አይከፍላቸውም። እንዲህ ኢንተርኔት ላይ የሚጻፈው ብሎግ ይባላል አሉኝ። መጀመሪያ ሰሞን በሆዴ እስቅ ነበር። ሰው ጤናው ካለ፣ እንጀራው ካለ፣ ምን አጥቶ ነው በአንድ ቁልፍ ላይ የሚደክመው?

አንድ ቀን እንዲህ ያለው ነገር ምን እንደሚያደርግላቸው ጠየቅኳቸው።

«ማንም ያነበዋል ብሎ ያልጻፈ ሰው አይዋሽም» አሉኝ።

እየቆየሁ ለመድኩት። ዓርብ ሳይደርስ ያ ሰውዬ አጥሩን ማን እንደሠራው አገኘ ይሆን እያልኩ አስብ ጀመር።

ከሁሉም አስበልጠው የሚወዱት የቦኖውን ነበር። ለንደን ውስጥ ድሮ ለመንገደኛና ለፈረስ ተብለው የተሠሩ የድንጋይ ቦኖዎች አሉ። የብዙዎቹ ቧንቧ ተዘግቷል። ጸሐፊዋ አንድ በአንድ እየፈለገች ፎቶ ታነሳለች፣ ስለ ድንጋዩና ስለ ተቀረጸበት ጽሑፍ ትተርካለች። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ መስመር አለ፤ ውኃ አለው፣ ወይም ውኃ የለውም። ሴት መሆኗን እንጂ ስሟን አናውቅም ነበር።

ሽማግሌው ይተቿታል። «የኖራ ድንጋይ አይደለም፣ ግራናይት ነው በያት» ይሉኛል። በእሳቸው ስም ኮመንት የማደርገው እኔ ነኝ። እሷም ትመልሳለች። አንዴ «አመሰግናለሁ፣ አስተካክያለሁ። ብርዱ ከባድ ነውና ይጠንቀቁ» ብላ ጻፈች። የማን ጨዋ ልጅ ናት አልኩ በልቤ።

አንድ ዓርብ ታብሌቱ ጮኸ፤ አዲስ ጽሑፍ ወጥቷል። ቦኖው እዚያው ስትሪትሃም መናፈሻ ውስጥ ያለ ነው። ማንበብ ጀመርኩ። ድንጋዩን አነበብኩ፣ የተሠራበትን ዘመን አነበብኩ። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «ልጅ ሆኜ ከዚህ ጠጥቻለሁ። እናቴ እኔን ከማንሳቷ በፊት የቧንቧውን አፍ በመዳፏ ሦስት ጊዜ ታጥበው ነበር፤ አንዴ በአብ፣ አንዴ በወልድ፣ አንዴ በመንፈስ ቅዱስ። ሰዎች ከኋላችን ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። እኔ አፍር ነበር።»

ማንበቤን አቆምኩ። ከጽሑፉ በታች ፎቶ አለ። አንድ እጅ የቧንቧውን መጫኛ ተጭኗል። የአውራ ጣቱ ጥፍር መሐል ለመሐል የተሰነጠቀ ነው። አምስት ዓመቷ ሳለ የቤታችን በር ነው የጨፈለቀው። በሩን የዘጋሁባት እኔ ነኝ።

«ምን ሆንሽ? ጨርሺው እንጂ» አሉኝ።

«ልጄ ናት» አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ታብሌቱ አስጠጉ። ከዚያ «ግራናይትን ከኖራ ድንጋይ የማትለየዋ?» አሉ። ልስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሳበቃ የመጨረሻውን መስመር አነበብኩላቸው። ውኃ የለውም ይላል።

ለምን እንደሄደች ያን ዕለት ነገርኳቸው። ለሌላ ሰው ሁሉንም ነግሬ አላውቅም። ልጄ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ በያዘች ሰሞን ከአልጋዋ መነሳት አቃታት። ምግብ ቀነሰች፣ ሰው ጠላች። ሐኪም ይየኝ አለች። እኔ ጠበል ይሻልሻል አልኩ። እንቢ እንዳትለኝ የአክስትሽ ልጅ ሠርግ አለ ብዬ አገር ቤት ወሰድኳት። ሠርግ አልነበረም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጎሕ ሲቀድ በዚያ ብርድ ውኃው ሥር አቆምኳት። ስትንቀጠቀጥ፣ የያዛት ነገር እየለቀቃት ነው ብዬ አመሰገንኩ። ስንመለስ ከኤርፖርት እስከ ቤት አንድ ቃል አልተናገረችኝም። በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። «እንዳትፈልጊኝ» የሚል መልእክት ላከችልኝ። ከዚያ ቁጥሩ ተዘጋ።

በጠበሉ አላማርርም። ሰው ሲፈወስበት በዓይኔ አይቻለሁ። ውሸቱ ግን የእኔ ነው።

በጽሑፏ ስለ እኔ «ታጥበው ነበር» ነው ያለችው። ልጅነቷን እያወራች ስለሆነ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ስለ ሞተ ሰው የሚወራ መሰለኝ።

ሽማግሌው ማን እንደሆንኩ እንዳልጽፍላት ቃል አስገቡኝ። ስለ ድንጋይ ብቻ እናውራት፣ የፈለገች ዕለት ራሷ ትናገራለች አሉ። ተስማማሁ። አንድ ቀን ግን አላስችል ብሎኝ፣ በልታ እንደሆነ ይጠይቁልኝ ብዬ ለመንኳቸው።

«እኔ ድንጋይ ጠራቢ ነኝ። በልተሻል ወይ ብዬ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ወዲያው ትነቃብናለች» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እንዲያ የሚል እንግሊዝ የለም።

ስለዚህ የብርዱን ወራት ሙሉ በእሳቸው ስም ስለ ድንጋይ ጻፍኩላት። እሷም መለሰች። ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ውስጥ፣ ፈርሶ እንደገና በተሠራው ሠፈር መሐል፣ አንድ የተረሳ ቦኖ ስታገኝ ደስ እንዳላት ጻፈች። ደስ አለኝ ነው ያለችው። ቃሉን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጄ የሚያስደስታት ነገር አግኝታለች፤ ከዚህ በላይ ምን እለምናለሁ አልኩ።

ስለት ግን ነበረብኝ። በሄደችበት ሰሞን ለእመቤታችን ተስዬ ነበር፤ በሕይወት መኖሯን ብቻ አሰሚኝ፣ ጃንጥላ አገባለሁ ብዬ። ስለት ሲሰምር ዝም አይባልም። ቤተ ክርስቲያናችን በኪራይ አዳራሽ ነው የሚገለገለው፤ የእመቤታችንን በዓልም ወደ እሑድ አዙረን እናከብራለን። ከቅዳሴ በኋላ ጃንጥላውን ይዤ ፊት ቆምኩ። አንዲት እናት የልጃቸውን ደኅንነት ሰምተው ስለታቸውን አስገብተዋል ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። አዳራሹ በእልልታ ሞላ። እልል ያሉት ሴቶች ይህን ሁሉ ጊዜ አብረውኝ ያለቀሱ ናቸው።

ምሳ ላይ ከበቡኝ። ማን አያት፣ የት ነው ያለችው አሉ። ስለ ብሎጉ ነገርኳቸው። አንዷ ይህን ሁሉ አስተምረሻት ቧንቧ ስታይ ትውላለች እንዴ አለችና ተሳሳቅን። ስልኬን ከፍቼ እጇን አሳየኋቸው። እየተቀባበሉ ሳሙት። በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት እናት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር።

«ላኪልኝ ልጄ፣ እኔም ልመርቃት» አሉኝ።

እሳቸውን እንቢ አይባልም። የብሎጉን አድራሻ ላክሁላቸው። ለእሳቸው የተላከ ለሁሉም ተላከ።

ሰኞ አውቶቡስ ውስጥ ብሎጉን ከፈትኩ። ከመጨረሻው ጽሑፍ ሥር፣ ከሽማግሌው የግራናይት ኮመንት በታች፣ የእኛ ፊደል ተደርድሯል። እመቤቴ ትጠብቅሽ። የእናትሽ ስለት ሰመረ። እናትሽ በሐሳብ አለቀች፣ ወደ ቤትሽ ተመለሺ። እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ይህን ሁሉ ሰው አይታ ልቧ ይራራል ብዬ አሰብኩ። ፌርማታዬ አልፎኝ በእግሬ ተመለስኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ሽማግሌውን አጣጥቤ፣ ቁርሳቸውን አቅርቤ፣ ታብሌቱን ከፈትኩ። ገጹ የለም ይላል። ደግሜ ሞከርኩ። በስልኬም ሞከርኩ። ቦኖዎቹ፣ እጇ፣ ብርዱን ይጠንቀቁ ያለችው፣ ሁሉም የለም።

የሆነውን ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ሳምንቱን ሙሉ የምነግራትን ሳዘጋጅ ነበር» ብቻ አሉ። እሳቸውም እንዳጧት እስከዚያ ድረስ አላሰብኩም።

በማመስገኔ አልጸጸትም። እግዚአብሔር የሰጠኝን በሰው ፊት መናገር ተምሬ ነው ያደግኩት። ጃንጥላውን ማስገባት ነበረብኝ፤ ስልኬን መክፈት ግን አልነበረብኝም። ስለቱ የእኔ ነው፣ ብሎጉ የሷ ነበር። ሳልጠይቃት ለሷ ብዬ ሳደርግ ይህ ሁለተኛዬ ነው።

ሴቶቹን አልወቀስኩም። እሑድ ሲያገኙኝ መለሰችልሽ ወይ ይሉኛል። ገና ነው እላለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ መናፈሻው ሄጄ ከቦኖው ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ሰው ያልፋል፣ ውሻ ያልፋል። እሷ አትመጣም። የጻፈችበትን ቦኖ ደግማ ለምን ትመጣበታለች? አውቃለሁ፤ ግን እሄዳለሁ።

ሌሎቹን ብሎጎች ማንበባችንን አልተውንም። የቁልፏ ሴትዮ አለች፣ የአጥሩ ሰውዬ አለ። አሁን አልስቅባቸውም። ባነበብኩ ቁጥር የጸሐፊው እናት ይህን ታውቅ ይሆን እላለሁ።

ባለፈው ዓርብ ሽማግሌው ወረቀት አምጪ አሉኝ። ቅርብ ያገኘሁት የመድኃኒታቸው የወረቀት ከረጢት ነው። በጀርባው ላይ ያሉኝን ጻፍኩ። የመናፈሻው ቦኖ ዓምዱ ግራናይት ነው፣ ገንዳው ግን እብነ በረድ ነው፣ ይህን ሳልነግርሽ ቆየሁ አሉ። ጨረሱና ትንሽ አረፉ።

«አሁን የፈለግሽውን ጨምሪበት» አሉኝ።

በልተሻል? ብዬ ጨመርኩ።

ወረቀቱን በጸሎት መጽሐፌ መሐል አስቀምጬዋለሁ፤ የምልክበት የለኝም። ጠዋት መጽሐፉን ስገልጥ ቀድሞ የሚታየኝ እሱ ነው። በሕይወት አለች፣ ተመስገን እላለሁ። ከዚያ በኋላ የምለው ይጠፋኛል።