ለአከራዬ የፈጠርሁላቸው ክፍል

ቅዳሜ ከሰዓት የድራማው ሰዓት ሲደርስ ዓባይ ማዶ ሰፈር እኛ ግቢ የሚጠራኝ ሰው አልነበረም፤ ቢጠራኝም አልሰማውም። ያን ጊዜ የአንድ ፋብሪካ ጸሐፊ ነበርሁ። ሳምንቱን ሙሉ አለቃዬን የምችለው ያንን ድራማ እያሰብሁ ነው። የማየውም አከራዬ ሳሎን ነበር። አከራዬ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ ሙስሊም እናት ናቸው፤ በድራማ ነገር ከእኔ ይብሳሉ፤ ተዋንያኑን ቁጭ ብለው በቁጣ ይመክራሉ።

ድራማው ስለተኳረፉ ሁለት እህትማማቾች ነው። እሳቸውም ሐይቅ ዳር ደልጊ ከተማ ካሉት ታናሽ እህታቸው ጋር ከተኳረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እናታቸው ደልጊ ሲሞቱ አከራዬ ገና መንገድ ላይ ነበሩ፤ በእስልምና ደግሞ ሬሳ አይቆይም፤ ሲደርሱ ቀብሩ አልቋል። "ሁለት ሰዓት መጠበቅ አቅቷት!" ይላሉ እስካሁን። እህታቸው ማቆየት እንደማይችሉ ልባቸው ያውቀዋል። ግን ማወቅና መተው ለየቅል ነው።

አንድ ቅዳሜ አከራዬ ለቅሶ ሄዱ። "አንዲት ነገር እንዳታመልጥሽ፤ ትነግሪኛለሽ" ብለው አደራ ሰጡኝ። ታላቅየዋ ለእርቅ ታናሽየዋ ቤት የምትሄድበት ክፍል ነው! ስምንት ሳምንት ጠብቀነዋል። ታዲያ ምን ሆነ? ሴትዮዋ ደጅ ላይ ቆመች። ቆመች። ያለፈውን አስታወሰች፤ ያውም እኛ ያየነውን መልሰው እያሳዩን። ማስታወቂያ መጣ። አሁንም ቆማለች። በመጨረሻ ልታንኳኳ እጇን አነሳችና ዞራ ሄደች! "ኧረ እግርሽን ይስበረው!" ብዬ ነጠላ ጫማዬን ወደ ቴሌቪዥኑ ወረወርሁ። ደግነቱ ሳትሁ።

አከራዬ ሲመለሱ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ "እህስ?" አሉ። ይሄን ድርቅ ያለ ነገር በምን አፌ ልንገራቸው? ንዴቴ ቀደመኝ።

"አንኳኳች!" አልሁ።

"አትይኝም! ከዚያስ?"

"ታናሽየዋ ከፈተች።"

"ማን ቀድማ ተናገረች?"

"ታላቅየዋ። 'መጣሁ' አለች፤ ሌላ ቃል የለም። ተቃቅፈው ተላቀሱ።"

እኔው በፈጠርሁት እኔው እንባዬ መጣ። አከራዬ ግን ጫማቸውን ሳያወልቁ መኝታ ቤታቸው ገቡ። ተዋንያኑን ሳይመክሩ የቀሩት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ የቤታቸውን ቁልፍ ሰጥተውኝ ደልጊ ሄዱ። ወይ ጉዴ! እህታቸው በሩን ቢዘጉባቸውስ? በእኔ ውሸት ተነስተው፣ ያን ሁሉ አገር አቋርጠው፣ ደጅ ላይ ተዋርደው ቢመለሱስ? ሳምንቱን ቁልፋቸውን ይዤ በር በሩን ሳይ ከረምሁ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እህታቸውን አስከትለው፣ አንድ ዘንቢል ደረቅ አሳ አስይዘው ከተፍ አሉ። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ የድራማው ሰዓት ደረሰ፤ ግራና ቀኝ ሆነው መሃል አስቀመጡኝ። ሲጀምር ያለፈውን ክፍል በአጭሩ እንደሚያሳዩ ፈጽሞ ረስቼዋለሁ። ያቺ ሴትዮ ደጅ ላይ ቆመች፤ እጇን አነሳች፤ ዞራ ሄደች።

አከራዬ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "አንኳኳች አላልሽኝም?"

"የደራሲው ጥፋት ነው" አልሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

"እኔ እኮ ደጇ ላይ ልመለስ ነበር" አሉ። "ከዚያች ሴትዮ በምን አንሼ ብዬ ነው ያንኳኳሁት!"

እህታቸው ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ፣ "በመስኮት አይቼሽ ነበር" አሉ። "ከዚያ በሩ ኋላ መጥቼ መቀርቀሪያውን ይዤ ቆሜ ነበር። ብትመለሺ ግን፣ ወላሂ፣ ወጥቼ አልጠራሽም ነበር።"