እህቴን ያሳለፍኩበት የጆሮ ፈተና

እና ውሸት ነው? እዛ ነበራችሁ? «ይሄ ቀልማዳ ደግሞ ጀመረው» የምትሉ ሁሉ፣ እስኪ ጨርሼ ልናገር። እኔ በሦስተኛ ክፍል ትምህርት ኮልፌን ያንቀጠቀጥኩ ሰው ነኝ፤ ውሸት ቢያምረኝ ከዚህ የሚጥም አላጣም።

ታናሽ እህቴ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አትሰማም፣ አትናገርም። ምላሷ ታስሯል ብለው አንዲት አዋቂ ከሥሩ ያለችውን ክር በምላጭ ቆረጡላት። ከደም በቀር የወጣ ነገር የለም።

አንድ ቀን ቀራንዮ ካለው ክሊኒክ፣ አንድ ትምህርት ቤት የሚገቡ ልጆች ጆሯቸው ሊፈተን ነው ተባለ። ይዣት ሄድኩ። ፈታኟ ራሷ ገና ተማሪ ናት፤ የጆሮና የንግግር ሙያ ውጭ አገር እየተማረች ለልምምድ የመጣች። እህቴን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችና ማዳመጫ ደፋችባት። ድምፅ ስትሰማ እጇን ታነሳለች፣ በቃ።

ፈተና ሲባል እኔ የማውቀው፣ ያለፈ ይገባል፣ የወደቀ ቤቱ ይቀራል። እኔ ወድቄ ነው የቀረሁት። እሷ እንድትቀር አልፈለግኩም።

ከኋላዋ ቆምኩ። ተማሪዋ ቁልፉን ጫን ስታደርግ፣ እኔ የጣውላውን ወለል በተረከዜ መታ አደርጋለሁ። ንዝረቱ ሲሰማት እጇ ወደ ላይ። አንዷንም አልሳትንም።

«ደስ ይበልህ ወንድሜ፣ ትሰማለች» አለችኝ።

«ገባች በይኛ።»

«የት?»

«ትምህርት ቤቱ ነዋ።»

«እሱ እኮ ለማይሰሙ ልጆች ነው።»

ከእህቴ ኋላ ዘልዬ ወጣሁ። «እኔ ነኝ፣ ጃንሆይ ይሙቱ፣ በእግሬ እየመታሁ ነው!»

በር ላይ ወረፋ የያዘው ሰው በሳቅ ፈነዳ። ጎረቤታችን፣ «እቴ አትስሚው፣ ባለፈው ሳምንትም ጅብ በገመድ ጎተትኩ ብሎ በጃንሆይ ምሎልናል» አለቻት። ምያለሁ፣ አልክድም።

ተማሪዋ ደግ ናት፤ እኔን አስወጥታ እንደገና ሞከረች። በመስኮት አየሁ። እህቴ ግን ጨዋታው ገብቷታል፤ ዓይኗን ከተማሪዋ ጣት ላይ አልነቀለችም። ጣት ሲጫን እጅ ወደ ላይ፣ ጣት ሲጫን እጅ ወደ ላይ። መስኮቱን ደበደብኩ፣ «ጣትሽን ደብቂ!» አልኩ። ዘበኛው በክንዴ ይዞ ከግቢ አወጣኝ።

እህቴ እየሳቀች ወጣች። «ትሰማለች» የሚል ወረቀት ይዛለች። መሣሪያውም ተማሪዋም በማግስቱ ሄዱ።

አሁንም ውሸት ነው? ሂዱ፣ ወረፋው ላይ የነበረውን ማንንም ጠይቁ። እንደሳቁብኝ አይደብቋችሁም።