ግጥም አንቀበልም

ለይኩን የገንዳ ውሃ ከተማ ብቸኛ የሮክ ዘፋኝ ነው፤ ሁለተኛም የሚመጣ አይመስልም። ኤሌክትሪክ ጊታሩን የገዛው ከድንበር ማዶ ያገለገለ ዕቃ ከሚያመጣው ከሳሊም ነው፤ ድምፅ ማጉያውን የሚያስነሳው ደግሞ በትራክተር ባትሪ ነው። ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ይሠራል፣ በስልኩ ይቀዳል፣ ለባጃጅ ነጂዎች ሚሞሪ ላይ ይጭንላቸዋል። እነሱም ላለማስቀየም ይቀበሉትና ፊቱን ሲያዞር ያጠፉታል። እሱ የሚወደው ሻካራ የጊታር ጩኸት ለከተማው ሰው የብልሽት ድምፅ ነው። «ስፒከርህ ተቀዷል» ብሎ ያልመከረው የለም፤ አንድ መካኒክማ መፍቻ ይዞ መድረክ ላይ ወጥቶበታል።

ይህን ሁሉ በሳቅ ያልፈዋል። የማይችለው «ተቀበል» የምትለዋን ቃል ነው። በሰሊጥ አጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ማይክ የያዘ ሰው ካዩ አዝማሪ ነው ብለው ያምናሉ። ዘፈኑን መሀል ላይ ያቋርጡና እሱ እያዜመ እንዲደግምላቸው «ተቀበል» ብለው ግጥም ይሰጡታል። ለይኩን ግን የራሱን ቃል እንጂ የሰው ቃል አይዘፍንም። አምና ተናደደና ስፒከሩ ላይ በነጭ ቀለም «ግጥም አንቀበልም» ብሎ ጻፈ። ምን ያድርግ፣ ሌላ የሚኮራበት ነገር አልነበረውም።

በየእሑዱ ሠራተኛ በሚቀጠርበት ሜዳ ዳር የሚጫወተው ግን ለኩራት አይደለም። ታናሽ ወንድሙ ደረበ ከሦስት ዓመት በፊት ለአጨዳ ወደ ሽንፋ ወርዶ አልተመለሰም። ስልኩ አይሠራም፤ መንገዱም አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ከረመ። ለይኩን ሁለት ጊዜ ሄዶ፣ እርሻ ለእርሻ ጠይቆ፣ ባዶ እጁን ተመልሷል። ስለዚህ በየዘፈኑ መሀል «ደረበ የሚባል ወንድሜን ያየ ሰው ይንገረኝ» ይላል። ቤት ሲገባ እናቱ ወይዘሮ ውባንች በር ላይ ቆመው «ዛሬስ ሰው አገኘህ?» ይሉታል። «አላገኘሁም፣ እማዬ» ማለት ከአቅሙ በላይ ሆኗል። ተስፋው አልቋል፤ እሑድ ሲመጣ ግን ባትሪውን ተሸክሞ ይወጣል።

በጥቅምት ወር በአንዱ እሑድ እንደ ልማዱ ጠየቀና ወደሚቀጥለው ዘፈን ገባ። ወደ ሽንፋ የሚሄድ የትራክተር ተጎታች ሠራተኛ እየጫነ ነበር። ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ አንድ ጎልማሳ ከተሳፋሪዎቹ ተነጥሎ መጣ፤ ባርኔጣውን አወለቀና «ተቀበል፣ ወንድም ዓለም» አለ። ለይኩን በጣቱ ጽሑፉን አሳየው። ሰውየው አልተንቀሳቀሰም።

«በሞቴ፣ ተቀበለኝ» አለ።

የለይኩን ደም ፈላ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተና ጊታሩን አስጮኸበት። የሰውየው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ታየ፤ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ሹፌሩ ሲጠራው ሄዶ ተሳፈረ።

በርሜል የምትመታለት መስከረም ሰውየው አጠገቧ ቆሞ ስለነበር ሰምታዋለች። መምታቷን አቆመች።

«ምን ሆንሽ? ምቺ እንጂ» አላት ለይኩን።

«የሰጠህ የጨዋታ ግጥም አይደለም» አለችው ዓይኑን ሳታይ። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችው፦

በሽንፋ ወንዝ ዳርቻ በረደው ተራበ፤
ጋቢ የሚሰጥ ቢያጣ አፈሩን ደረበ።

ለይኩን የመጨረሻዋን ቃል ሁለት ጊዜ ደገማት። የወንድሙ ስም ናት። መርዶ በዘመድና በሽማግሌ፣ በማለዳ ይነገራል እንጂ ባዳ ሰው ገበያ መሀል አይጥለውም። ሰውየው በሚያውቀው መንገድ፣ በግጥም ሊያረዳው መጣ፤ እሱ ግን አንቀበልም አለው።

ጊታሩን እንዳንጠለጠለ ሮጠ፤ ገመዱ ከስፒከሩ ተነቀለ። ተጎታቹ አስፋልቱን ለቆ አቧራ ውስጥ ገብቷል። የሰውየውን ስም አያውቅም፤ የሚሄድበትን እርሻም አያውቅም። ደረበ የት ጋ እንደተቀበረ ከዚያ ሰው በቀር የሚነግረው የለም። ተመልሶ ማይኩን ጨበጠ። ምናልባት ድምፁ ይደርስ ይሆናል፣ ሰውየው መቀበሉን ሰምቶ ይወርድ ይሆናል ብሎ፣ ያለ ጊታር፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ግጥሙን ዘፈነው። ደግሞ ዘፈነው። ደግሞ።

ተጎታቹ አልቆመም። ሜዳው ላይ የቀሩት ሠራተኞች ግን ደስ አላቸው፤ ይሄ ሰው በስንት መከራ ግጥም መቀበል ጀመረ። «ይበል» እያሉ ከበቡት፣ አንዱ እስክስታ ወረደ። ሌላው ሃምሳ ብር አውጥቶ በምራቁ አራሰና ግንባሩ ላይ ለጠፈለት። ለይኩን በዚህ ከተማ ተሸልሞ አያውቅም ነበር።