የለንደኑም ተለጥጧል

አልበሙን ያመጣልኝ ናይሮቢ፣ ሩንዳ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ውስጥ ለፈረንጆች በሾፌርነት የሚሠራ ያገሬ ሰው ነው። የጌቶቹ ልጅ ለዕረፍት ከለንደን መጥታ ስትመለስ ካሴቱን መኪናው ውስጥ ትታለት ሄደች። እሱ ደግሞ ጴንጤ ነው፤ ከመዝሙር ሌላ ጆሮው አያስገባም። ስለዚህ ወደ እኔ ይዞት መጣ። በዚያን ጊዜ ሪቨር ሮድ ላይ፣ ከአንድ ኬንያዊ ልብስ ሰፊ ጋር ተዳብዬ በያዝኳት ሱቅ፣ ካሴት እየገለበጥኩ እሸጥ ነበር።

ኤሌክትሮ ፖፕ ነው አለኝ፤ እሱም የሰማውን ነው። ቴፑ ውስጥ ከትቼ ሰማሁት። ጊታር የለም፣ ሳክስፎን የለም፣ ከበሮ የሚመታ ሰው የለም። አንዱ ይዘፍናል፣ ሌላው ቁልፍ ይጫናል፤ በቃ። ምቱ ቆርቆሮ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ይመስላል፣ ውሃው ግን ሰዓት ያሰረ ነው። ወደድኩት አልልም። እኔ ሸቀጥ ለመሸጥ እንጂ ለመውደድ አልተፈጠርኩም። ልብስ ሰፊው ግን ሳያውቀው የስፌት መኪናውን ከዘፈኑ ጋር እኩል ይረግጥ ጀመር። ያኔ ይሄ ነገር እንደሚሸጥ ገባኝ።

የገባው ግን ለእኔ ብቻ አልነበረም። ላቪንግተን በኩል ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ የኛ ልጆች ባንድ ዓርብ ዓርብ ይጫወት ነበር። ሰሚዎቹ ጊጊሪ ባለው የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ፈረንጆች ናቸው። እነሱ ይህን አልበም ጠየቁ፤ የሆቴሉ ማኔጀር ከበሮ የሚመታ ማሽን ተከራይቶ አመጣና ለባንዱ ልጆች ነገራቸው፦ አዲሶቹን ዘፈኖች ከማሽኑ ጋር ትጫወታላችሁ፤ ከማሽኑ ጋር መሄድ ያልቻለ ቦታውን ይለቃል።

ይህ ንግግር ለማን እንደተነገረ ሁላችንም አውቀናል። ድራመሩ ጋሼ ናቸው። አዲስ አበባ የሰፈራችን ሰው፣ ድሮ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ውስጥ የመቱ፣ ደርግን ሸሽተው በሞያሌ የወጡ። ናይሮቢ ላይ የሚበሉት ከዚያች ዓርብ ነው። ከከበሮ ሌላ የሚያውቁት ሙያ ቢኖር ሰው መገሠጽ ነው፤ ለእሱ ደግሞ የሚከፍል የለም።

አንድ ካሴት ገልብጬ ሰጠኋቸው። "እዚሁ ይለማመዱ" አልኳቸው። ሱቁ ጓዳ ውስጥ ፕላስቲክ ሳፋ ደፍተው፣ የጆሮ ማዳመጫ ሰክተው በእንጨቶቻቸው ይመቱ ጀመር። መጀመሪያው ላይ ልክ እንደ ማሽኑ ናቸው፤ ደስ አለኝ። ዘፈኑ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ግን ጋሼ ይሞቃቸዋል። ትከሻቸው ይነሣል፣ እንጨቱ ይፈጥናል። መጨረሻው ላይ ማሽኑ ገና መንገድ ላይ ሆኖ እሳቸው ቤት ገብተዋል።

"ጋሼ፣ ቀደሙት እኮ" አልኳቸው።

"ማንን?"

"ማሽኑን።"

"እኔ አልቀደምኩም፤ እሱ ነው የቀረው። ክሩ ተለጥጧል።"

"አዲስ ካሴት ነው፣ ጋሼ። ዛሬ ነው የከፈትኩት።"

"አዲስም ይለጠጣል። ስማ አንተ ልጅ፣ ዘፈን ሲሞቅ ይፈጥናል። ሰርግ ቤት ሄደህ አታውቅም? ሙሽራ ሊወጣ ሲል እንደ ጧቱ የሚመታ ማነው?"

ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። የካሴቱ ባለቤት እኔ፣ ስለ ካሴቱ የሚያውቁት ግን ጋሼ። በሌላ ክር ገለበጥኩላቸው፤ ተለጥጧል። የቴፑን ጎማ አስለወጥኩ፤ ተለጥጧል። በመጨረሻ ዋናውን፣ የልጅቱን ካሴት ከተትኩ።

"የለንደኑም ተለጥጧል" አሉ፣ እንጨቶቹን ሳፋው ላይ አስቀምጠው። "ፈረንጅም ያጭበረብራል፣ ልጄ።"

ይህንን ያሉት ሱቁ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ቆመው ነው። አንደኛው የያዘውን ካሴት ቀስ ብሎ መደርደሪያው ላይ መለሰ። እርር ድብን አልኩ። ስለ ሽያጩ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ያቺ ዓርብ ከእጃቸው ስትወጣ እያየሁ፣ ሰውዬው ግን የሚከራከሩት ከእኔ ካሴት ጋር መሆኑ ነው። ለባንዱ መሪ፣ ለኦርጋን ተጫዋቹ፣ ሄጄ ነገርኩት።

"ንገራቸው። ካንተ ይሰማሉ።"

"እሺ፣ እነግራቸዋለሁ" አለ። በማግስቱ ልምምድ ላይ "ጋሼ፣ ዛሬማ ልዩ ነበሩ" ሲላቸው በጆሮዬ ሰማሁ።

ማኔጀሩ ሊያያቸው የቀጠረው ቀን ደረሰ። እኔም ካሴቱን ይዤ ሄድኩ፤ ዋናው ዘፈን እንዴት እንደሆነ ማኔጀሩ መስማት ፈልጎ ነበር። ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ ከአንድ ጫማ ካርቶን አይበልጥም። ጀመሩ። መጀመሪያው ደህና። እኩሌታው ላይ ጋሼ ትከሻቸውን ሲያነሡ አየሁና ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጉዱ የመጣው ግን ከሌሎቹ ነው። ቤዝ ጊታሩ ከጋሼ ጋር ሄደ። ዘፋኙና ሳክስፎኑ ተከተሉ። ኦርጋኑም ተከተለ። እነዚህ ልጆች ዓመታት ሙሉ የጋሼን እጅ እያዩ ነው የተጫወቱት፤ ታላቅን መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ አልለመዱም። አምስቱም ተያይዘው ገሰገሱ፣ ማሽኑ ብቻውን ከኋላ ጧ ጧ እያለ ቀረ።

ማኔጀሩ እጁን አነሣ። ቁም ነገረኛ ኬንያዊ ነው፣ አይጮህም። ወደ ባንዱ መሪ ዞረ።

"ማነው የተሳሳተው? ምዜ ነው ወይስ ማሽኑ?"

ጋሼን ሁሉም ምዜ ነው የሚላቸው፤ ሽማግሌ ማለት ነው፣ በአክብሮት። የባንዱ መሪ ጋሼን አየ፣ ወለሉን አየ፣ እኔን አየ። ጥቂት ቀን ስጠን ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ትንሽ ይለማመዳሉ ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

"ማሽኑ ነው" አለ። "ማሽኑ ችግር አለበት።"

ጋሼ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

ማኔጀሩ ሶኬቱን ነቀለው። "የተበላሸ ከሆነ ለአከራዩ እመልሰዋለሁ። ያለ ማሽን ግን እነዚህን ዘፈኖች አትጫወቱም፣ እንግዶቼ ደግሞ የሚፈልጉት እነሱን ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ካሴቱ ደህና ነው አይደል? ዓርብ አንተ ቴፕህን ይዘህ ና። ባንዱ ይረፍ።"

ውጭ የባንዱን መሪ ክንዱን ይዤ ጥግ ወሰድኩት።

"ምን ልበል ታዲያ?" አለኝ። "አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። በሰው አገር፣ በሰው ፊት ላዋርዳቸው?"

"አላዋረድካቸውም። በክብር አስራብካቸው፤ አራታችሁንም ጨምረህ።"

"አንተ ነጋዴ ነህ፣ ይሄ አይገባህም።"

እውነቱን ነው፤ እስካሁንም አልገባኝም።

ስንመለስ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ከጋሼ ጎን ተቀመጥኩ።

"አልሄድም" አልኳቸው።

"ለምን? ሂድ እንጂ።"

"እኔ ከበሮ አላውቅም፣ ጋሼ።"

"ማሽኑስ መቼ ያውቃል?" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቴፑን በጨርቅ ስጠቀልል ሱቁ በር ላይ ቆሙ። የባንዱን ቀይ ኮት ክንዳቸው ላይ አጥፈው ይዘዋል፣ በደንብ ተተኩሷል።

"በዚህ ሹራብ እዚያ አይገባም" አሉኝ። "ልበስ።"

እጅጌው አጠረኝ። ልብስ ሰፊው አየት አድርጎ ሳቁን ዋጠ። አንድ ቃል ቢናገሩ፣ ቢቆጡኝ እንኳ፣ በቀለለኝ ነበር። እሳቸው ግን አንገትጌውን አስተካክለውልኝ ሄዱ።

ሆቴሉ ውስጥ ጋሼ በሚቀመጡበት ቦታ ጠረጴዛ ተደርጎልኛል። ቁልፉን ተጫንኩት። ክርክር ሳይገባበት አልበሙን ሳዳምጠው የመጀመሪያዬ ነበር። ጥሩ ነው። ፈረንጆቹ ይደንሳሉ፤ እንደጀመሩት ይቀጥላሉ፣ አይፈጥኑም፣ አይቀዘቅዙም። ከዚያ የካሴቱ አንድ ጎን አለቀና ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። የሚደንሱት መሃል ላይ ቆመው ወደ ቀዩ ኮት ዞሩ። ድራመር ቢሆን እዚህ ጋ አንድ ነገር ይመታል፣ ሰው እንዳይበርደው። እኔ ምን እመታለሁ? እጄን አልቦት ካሴቱ አመለጠኝ፣ ጎንበስ ስል የኮቱ ብብት ተተረተረ። ማኔጀሩ ከበሩ በኩል "ሃራካ! ሃራካ!" እያለ በእጁ ያጣድፈኛል። ይህን ኮት ያለበሱኝን ጋሼን በልቤ እየረገምኩ ካሴቱን ገለበጥኩት።