ወይዘሮ ይፈቀድልኝና የእናቷ ፎቶ

የዓይን ሆስፒታሉ ፎቶ አንሺ ስሟ ሌላ ነው፤ እኛ ጎረቤቶቿ ግን «ወይዘሮ ይፈቀድልኝ» እንላታለን። ሰው ስታነሳ ትጠይቃለች። ፎቶው ከመለጠፉ በፊት ደግሞ ባለቤቱ ቤት ድረስ ሄዳ፣ «ይኸው፣ እንዲህ ሆነው ነው የሚወጡት፤ የሚሰቀለውም እዚህ ጋ ነው» ብላ አሳይታ ታስፈርማለች። እምቢ ያላትን አታኮርፍም። አንዱ ታካሚ «አፍንጫዬን ካላሳነስሽው» ብሎ ቢያስቸግራት፣ አፍንጫውንም ሰውዬውንም አብራ አስቀረቻቸው።

ለአዲሱ ክፍል ምረቃ ሥራ አስኪያጁ ዋናው በር ላይ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ፈለጉ። ያቀረበችላቸውን ሲገለብጡ ቆይተው አንዱ ላይ ተተከሉ፦ አንዲት እናት የዓይናቸው ፋሻ ሲፈታ፣ ጥርስ በሌለው አፍ ከልባቸው ሲስቁ።

«ይሄ ነው! ማተሚያ ቤት ይሂድ።»

«እሱ እንኳ ተሳስቶ የገባ ነው ጌታዬ። እናቴ ናት፤ ለቤት ብዬ ነው ያነሳኋት።»

«እናትሽ ከሆኑማ ምን ፈቃድ ያስፈልጋል?»

«እናቴ ናት እንጂ ንብረቴ አይደለችም።»

ቤት ወስዳ ስታሳያቸው እናቷ፣ እኛ ጎረቤቶች እትዬ የምንላቸው፣ ጮኹ። «ኧረ በሞትኩት! ለሰፈሩ እህቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር ብዬ የለ? ያቺ የማዶዋ ይሄን ካየች ዓይኔንም ጥርሴንም ለአገሩ ታዳርሰዋለች!»

የማዶዋ እኔ ነኝ። መስኮቴም ክፍት ነበር።

«እምቢ ካልሽ ቀረ፣ እማዬ።»

«ቀረ!»

ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «እንግዲያው ከኢንተርኔት የምትስቅ አንዷን አውርጂ።»

«የጎረቤት ልብስ ገመድ ላይ ስለተሰጣ ለብሰነው እንወጣለን? ባለቤቱ በራችን ላይ ያየው ቀን የምንገፈፈው እኛ ነን።»

«በሩ ባዶ ከሆነ ወንበርሽም ባዶ ይሆናል!»

«በሩ ባዶ አይሆንም» አለች።

አመሻሽ ላይ እትዬ ነገሩን ሰሙ። ልጅቷ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ራቷን ትበላለች። እሳቸውን ያንገበገባቸው ይሄ ነው።

«በእኔ ጥርስ ሰበብ ከሥራሽ ልትባረሪ ነው?»

«ይሆናላ።»

«ታዲያ ለምኚኛ!»

«ለምኜሽ እሺ ብትይ፣ ያ ምኑን ፈቃድ ሆነ?»

እትዬ ትንሽ አጉረመረሙ። ከዚያ የስፌት ቅርጫታቸውን ሳቡ። «በይ እንግዲያው፣ ማንም ሳይለምነኝ ነው። ነገ ሌላ ታነሺኛለሽ። አፌን ገጥሜ፣ መርፌ ውስጥ ክር ሳስገባ። ዓይኔ መዳኑን ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?»

አሁን በሩ ላይ የተሰቀለው እሱ ነው፤ እትዬ ከነመርፌያቸው አንድ ፎቅ አክለው። ሥራ አስኪያጁ «እኔ ያልኩት ይሄን ነበር» እያሉ ለእንግዳ ሁሉ ያሳያሉ።

እኔም ልታዘብ ሄድኩ። እትዬ አዲስ ነጠላ ለብሰው ከሥሩ ቆመዋል።

«እትዬ፣ ይሄን እህትዎ ቤት ነው የተነሱት?»

«አይደለም። ዓይኔን ታክሜ ነው፤ ፈቅጄም ነው የሰቀሉኝ። በይ ሂጂና አውሪው!»

ምኑን ላውራው? እሳቸው በር ላይ ሰቅለውት፣ ለእኔ ምን ቀረኝ?